ታይላንድ ኪልበርን ላይ ስትፈለግ

እስቲ እውነቱን እንነጋገር… እኛ ሐበሾች ከእኛ ሌላ ባህል ያለው ሕዝብ በዓለም ላይ መኖሩን ከልባችን አናምንም! ባህል ያለን እኛ ነን፤ ሌላው ያለው አመል ነው። እንግሊዙ ሻዩ ላይ ወተት ሲደፋ አመል ነው። ጣሊያኑ እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ አመል ነው። ህንዱ ጎረቤትህ "ጫማህን በር ላይ አውልቅ" ሲልህማ የለየለት አመል ነው! እኛ ግን "ጠግቤያለሁ፣ በእናታችሁ!" እያለ የሚለምን እንግዳ አፍ ውስጥ ጉርሻ ስንጠቀጥቅ… እሱ ባህል ነው። ሰውየው ቢታነቅ እንኳ የታነቀው በባህል ነው።

እኔም ከዚህ እምነት ወጥቼ አላውቅም ነበር። ለንደን ውስጥ፣ ኪልበርን ዋናው መንገድ ላይ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስና ጃንጥላ ስሸጥ ነው ጸጉሬ የሸበተው። በሱቄ በር ያላለፈ ዘር የለም። አይርሹን በአረማመዱ፣ ናይጄሪያዊውን በድምፁ፣ ሐበሻውን ደግሞ ዕቃውን ሁሉ አስወርዶ ሳይገዛ በመውጣቱ ከሩቅ እለየዋለሁ። እንግዲህ እንዲህ ዓለምን ስለይ የኖርኩ ሰው፣ ልጄ ናሆም አንድ ቀን እራት ላይ "ዳድ፣ ፕሎይን ላገባት ነው" ሲለኝ፣

"ቻይናዋን?" አልኩት።

"ዳድ! ታይ ናት! ሦስት ዓመት ሙሉ ታይ ናት እያልኩህ!"

ነግሮኛል፤ አልክድም። ልጅቷ ቤታችን ትመጣለች። ከባለቤቴ ከዘነበች ጋር ሽንኩርት ትከትፋለች። እኔን "ጋሼ ደምሴ" ትለኛለች፤ ከአንዳንድ ዘመዶቼ በተሻለ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች። እኛ ታዲያ በሩን ዘግታ ስትወጣ ምን እንላለን? "ቻይናዋ ጨዋ ናት!" አንተ አንባቢ፣ አትሳቅ። ፎቅህ ላይ ያለው ጎረቤትህ ከየት አገር እንደመጣ እስቲ አሁን ንገረኝ… አየህ!

"እና ምን ይጠበስ?" አልኩት ልጄን።

"እነሱም እንደኛ ሽማግሌ ይላክልን ይላሉ። የእናቷ እናት አሉ፣ ያይ ነው የሚሏቸው። ፋሚሊው ውስጥ ሁሉን ነገር የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከተቀየሙ ፕሎይ አታገባኝም፣ ነግራኛለች። ዳድ ፕሊስ… እንዳታበላሸው።"

"እኔ? እኔ ምን አበላሻለሁ?"

ዘነበች ሳህን እየሰበሰበች "ከየት ልጀምርለት?" አለች።

ይህች ንግግር ገብታ ቆረጠችኝ። አደባባይ ላይ የኖረ ነጋዴ ሰው አያያዝ አያውቅም ተብሎ ሲታማ ዝም ይላል? አይልም። "የሴትየዋን ባህል ከእነሱ አብልጬ አውቄ ካልሄድኩ ደምሴ አይደለሁም!" ብዬ ፎከርኩ። ናሆም የፉከራዬን መጠን ሲያይ ስልኬን ተቀበለኝና አንድ ጌም ዳውንሎድ አደረገልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩ የት እንደቆምክ ያውቃል። አንተ ለንደን ውስጥ ስትራመድ እሱ በካርታው ላይ ታይላንድን ይዘረጋልሃል። ፖስታ ቤቱ ጋ ስትደርስ የአትክልት ገበያ ይከፈትልሃል። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቱክ ቱክ የሚሏት የነሱ ባጃጅ ትቆምልሃለች፤ ሹፌሩን በጨዋ ደንብ ካናገርከው ነጥብ፣ ከጮህክበት ቅጣት። አስተማሪዋ አንዲት በሥዕል የተሠራች ደልደል ያለች ሴትዮ ናት። ስታሳምር አበባ ትሰጥሃለች፤ ስታጠፋ ጣቷን ታወዛውዝብሃለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አትልም? እኔ ግን ለቀምኩ!

መጀመሪያ ቀን ከማንጎ ሻጭ ጋር ተገናኘን። እኔን ዋጋ መከራከር ሊያስተምሩኝ! ዝናብ እየወረደብኝ ጫማ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሜ ሴትየዋን ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች… ማንጎውን በነፃ ልትሰጠኝ ምንም አልቀራት። ወዲያው አስተማሪዋ ብቅ ብላ ጣቷን አወዛወዘች። ምን አጠፋሁ? ፈገግ ሳልል ነዋ የተከራከርኩት! በነሱ አገር ፊትህን ከስክሰህ ዋጋ አታስቀንስም። ይታያችሁ፤ ኪልበርን ላይ ፈገግ ብለህ ዋጋ ብትጠይቅ የሰረቅከው ዕቃ አለ ብለው ኪስህን ነው የሚፈትሹት።

ቀስ እያልኩ ሠለጠንኩ። ሰላምታቸው ዋይ ይባላል። እኛ ዋይ የምንለው ሰው ሲሞት ነው፤ እነሱ ሰው ሲመጣ ነው። ሁለት መዳፍህን ገጥመህ ጎንበስ ትላለህ፤ እኩያህ ከሆነ ደረትህ ላይ፣ ታላቅህ ከሆነ አፍንጫህ ላይ፣ መነኩሴ ከሆነ ግንባርህ ላይ። እግርህን ወደ ሰው አትዘረጋም። የሰው ጭንቅላት አትነካም። ከሁሉም በላይ፣ ትልቅ ሰው ተቀምጦ ሳለ ከራሱ በላይ ረዝመህ አትቆምም። ይቺን የመጨረሻዋን ያጠፋሁ ቀን አስተማሪዋ የሰበሰብኩትን አበባ በሙሉ ነጥቃኝ ነበር።

እንግዲህ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔም ስልኬን አልለቅም አልኩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ "ቤተ መቅደስ ደርሰሃል" አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ የቆምኩት ውርርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው፤ ያው በፈረስ እሽቅድምድም የሚወራረዱበት! በስልኩ ውስጥ ግን ጣሪያው ወርቅ ነው፤ አንድ መነኩሴም ቢጫ ለብሰው ቆመዋል። "ጫማህን አውልቅ" አለች አስተማሪዋ። ማውለቄን በምን ታውቃለች? ግን እንዲያ ስታፈጥብኝ… አወለቅኩ። መዳፌን ገጥሜ ግንባሬ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

በዚህ መሐል ከውርርድ ቤቱ አንድ ሰውዬ ብቅ አለ። በካልሲ ቆሜ ለበሩ ስሰግድ አየኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አይዞህ ወዳጄ፣ እኔንም ባለፈው ሳምንት እንዲሁ አድርጎኛል" ብሎኝ ሄደ።

ይኼስ ባልከፋ። በማግስቱ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወርድ መጥታ ፊቴ ተገተረች።

"አብራኝ የምታስቀድሰው ወይዘሮ ብርቄ ከአውቶቡስ ላይ ሆና አይታሃለች።"

"የት?"

"ቁማር ቤት ደጃፍ፣ ጫማህን አውልቀህ። እኔ የምልህ፣ ለቁማሩ ነው የሰገድከው ወይስ ለጣዖቱ? አንዱን ምረጥና ንገረኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይኑረኝ!"

"ለልጅሽ ሰርግ ነው!"

"እንዲህ ከሆነ ቁማር ነው እላቸዋለሁ። እሱ ይሻላል።"

ቀጥሎ ሽማግሌ መፈለግ መጣ። ለንደን ውስጥ ሽማግሌ ማግኘት ቤት ከማግኘት ይከብዳል። ለቤቱስ ካውንስል አፕላይ አድርገህ ትጠብቃለህ፤ ለሽማግሌው የት አፕላይ ታደርጋለህ? ከዘጠና ሰባት ምርጫ ወዲህ እዚህ ከተማ ያለ ሐበሻ ለሁለት ተከፍሏል፤ ሁለቱ ደግሞ ለአራት። የዚያን ሰሞን ስብሰባ ላይ ማይክ የተነጣጠቁ ሰዎች፣ ዛሬም ለቅሶ ቤት የሚደርሱት በተለያየ ሰዓት ነው። ጋሽ ተክሌና አቶ ግርማ ማይክ ከተነጣጠቁት ናቸው። ሁለቱም አርችዌይ ይኖራሉ፤ አንድ መንገድ ላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ጋሽ ተክሌ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸው። አቶ ግርማ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፤ ሲናገር ግን ሚኒስትር ነው የሚመስልህ። የሚሰማ አንደበት ያላቸው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ሆኑብኝ።

ለጋሽ ተክሌ ደወልኩና "አቶ ግርማ እሺ ብሏል። እርስዎን ከከበድዎ እሱ ብቻውን ይበቃል" አልኳቸው። ለአቶ ግርማም ደወልኩና ስሙን ገልብጬ ያንኑ አልኩት። ሁለቱም ዛሬውኑ እንሂድ አሉኝ። ንግድ ማለት ይኼ ነው!

ሲገናኙ ግን በኔ ላይ ተባበሩ። "አባት ራሱ ሽማግሌ ሆኖ የት አገር ሄዷል?" አሉኝ።

"እንደ አባት አይደለም የምሄደው፤ እንደ ባለሙያ ነው" አልኳቸው።

ሱቄ ጓዳ ውስጥ አሠለጠንኳቸው። ሻንጣ በሻንጣ ላይ ደርድሬ "ይኼ እማማ ያይ ናቸው" እልና ሽማግሌዎቹን ለሻንጣ እጅ አስነሳለሁ። ጋሽ ተክሌ "ለቦርሳ እንዲህ ከተጎነበስኩ ለሰው ልተኛ ነው?" እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ይጎነበሳሉ። ካልሲም ሁላችንም አዲስ ገዛን። ናሆም "እማዬስ አትሄድም?" ቢለኝ "ሽምግልና የወንድ ነው" አልኩት፤ እሱም ምን ያውቃል፣ አመነኝ።

ቀኑ ደርሶ ከአርችዌይ ባቡር ሳንቀይር፣ የፕሎይ ቤተሰብ የሚኖርበት ክላፋም ወረድን። ኮታችንን አስተካከልን። ጋሽ ተክሌ ነጠላቸውን ደረቡ። በሩን አንኳኳሁ። ሲከፈት አንድ ሰውዬ ከፊታችን ቆመ፤ እኔም ከመሸማቀቄ የተነሳ ፊቱን ሳላይ መዳፌን ገጥሜ፣ ግንባሬ ላይ አድርጌ፣ ለመነኩሴ የሚሰጠውን ሙሉ ሰላምታ ሰጠሁት። ሽማግሌዎቹም እኔን ተከትለው ዘጭ ዘጭ አሉ።

"ኦራይት?" አለ ሰውየው።

ቀና ብለን ስናይ… የቤት ማሞቂያ ቦይለር ሊጠግን የመጣ እንግሊዛዊ ነው! የመፍቻ ሳጥኑን አንጠልጥሎ በመሐላችን ሹልክ ብሎ ወጣ። ከኋላው ፕሎይ አፏን በእጇ ይዛ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። በሳቅ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሳሎን ገባን። የፕሎይ እናት ወይዘሮ ማሊ ልብስ ማጠቢያ ቤት የሚሠሩ፣ ፈገግታቸው የማይነጥፍ ሴት ናቸው። እማማ ያይ ደግሞ… (ያይ ማለት ራሱ አያት ማለት ነው፤ እማማ የምትለዋን እኛ ከራሳችን ጨመርንበት) ሶፋው ባዶውን ተገትሮ ሳለ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ እግራቸውን ወደ ጎን አጥፈው ተቀምጠዋል። ትንሽ፣ ደረቅ ያሉ፣ ዓይናቸው ሚዛን የሆነ አሮጊት። ገና እንዳየኋቸው "እኚህ ሴትዮ ገበያ ያውቃሉ" አልኩ በልቤ።

እንግዲህ አንድ ነገር ረስቻለሁ። ሻንጣውን ስደረድር ከፍ አድርጌ ነው የደረደርኩት። ሴትየዋ መሬት ላይ ይቀመጣሉ ብሎ ማን አሰበ? ደግሞም ታውቃላችሁ፣ በኛ ደንብ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሄዶ ቁጭ አይልም። ጉዳዩን ቆሞ ይናገራል፤ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ይኼን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው እዚያ ሳሎን ውስጥ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ረጃጅም ናቸው!

ጋሽ ተክሌ ከእማማ ያይ ፊት ተገትረው ነጠላቸውን አጣፉና አማርኛውን የእንግሊዝኛ ኮት አልብሰው ጀመሩ። "የመጣነው ለመልካም ነገር ነው። እናንተ የከበራችሁ፣ እኛም…"

"ኧረ ይቀመጡ!" አሉ ወይዘሮ ማሊ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

"ሻይ ቀርቧል እኮ…"

"እሺ ሳንባል ሻይ አይቀመስም!" አለ አቶ ግርማ። በኔ ላይ ከመተባበር ሌላ፣ ከዘጠና ሰባት ወዲህ ሁለቱ የተስማሙባት የመጀመሪያዋ ነጥብ ይቺ ናት።

ዝቅ ብዬ ሳይ እማማ ያይ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሰብረው የጋሽ ተክሌን የቀበቶ ዘለበት ይመለከታሉ። ያቺ የስልክ ሴትዮ አበባዬን የነጠቀችኝ ቀን ትዝ አለኝ። ልጄ ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ብቻ ራሴን ወለሉ ላይ በጉልበቴ ስድህ አገኘሁት።

"ምን ሆንክ? ልብህን ነው?" አሉ ጋሽ ተክሌ ደንግጠው።

ሱሪያቸውን ያዝኩ። "ይቀመጡ ጋሽ ተክሌ! ራሳቸው ላይ ቆመዋል!"

"ማን? እኔ? ራሳቸው እዚያ፣ እኔ እዚህ!"

"ከራሳቸው በላይ መቆም ነውር ነው!"

"ነውርስ እሺ ሳይባሉ መቀመጥ! አንተ ሰውዬ፣ ገና አፋችንን ሳንከፍት ተንበርክከህ አስረከብከን እኮ!"

"ሱሪዬን ልቀቅ" አለ አቶ ግርማ፤ ለካ በሌላው እጄ የሱንም ይዣለሁ።

ወይዘሮ ማሊ አንዴ እናታቸውን፣ አንዴ እነዚህን ሁለት የተገተሩ ምሰሶዎች፣ አንዴ ምንጣፍ ላይ የሚድኸውን ነጋዴ እያዩ ፈገግታቸው ነጠፈ። በመጨረሻ እጃቸውን አርገብግበው "እሺ! እሺ! ምንም ይሁን ምን እሺ! ብቻ ቁጭ በሉልኝ!" አሉ።

"እሺ ብለዋል!" አሉ ጋሽ ተክሌ። አጨበጨቡና ተቀመጡ። አቶ ግርማም ተቀመጠ። እኔም ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ልጄ አገባ ማለት ነው!

ጋሽ ተክሌ ግን ወዲያው ጆሮዬ ላይ ተጠጉ። "ስማ ደምሴ… አላፈጠኑትም?"

"ምኑን?"

"እሺውን ነዋ። ጨዋ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን እሺ ይላል? ልጅቷ እንከን ይኖርባት ይሆን እንዴ?"

"ዝም ይበሉ በማርያም!"

ይኼን ስንንሾካሾክ ነው ኪሴ የጮኸው። ጌሙን ሳላጠፋው ገብቼ ኖሮ "ሳዋዲ ካ! ጤና ይስጥልኝ! በአቅራቢያዎ ጎሽ ተገኝቷል!" ብሎ አምባረቀ። ክላፋም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጎሽ!

እማማ ያይ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። ፕሎይ ተረጎመችልን። "ማነው ኪስህ ውስጥ ያለው? ነው የሚሉህ ጋሼ።"

እኔማ ይቺን ቀን ስጠብቅ ነበር! ስልኩን አውጥቼ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። "አገርዎን ነው ያጠናሁት እማማ ያይ። እዚህ ውስጥ ሁሉም አለ!" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው ወዲያ ወዲህ አገላበጡት። በጀልባ ላይ የሚነገድበት ገበያ፣ ወርቅ ጣሪያ ያለው ቤተ መቅደስ፣ ሐር የለበሰ ዝሆን…

"ይኼ የት ነው?"

"የእርስዎ አገር ነዋ!"

"የኔ?" አሉ። "እኔ በጀልባ ገበያ ሄጄ አላውቅም። በኛ መንደር ጀልባ የሚያሻው ቤት በጎርፍ ሲወሰድ ነው። ዝሆን ያየሁት እዚሁ ለንደን ነው፤ አጥር ውስጥ፣ ቲኬት ቆርጬ።" ከዚያ ጎሹ ጋ ደረሱና ፊታቸው ፈካ አለ፤ ግን ወዲያው ተኮሳተሩ። "ይኼንን አውቀዋለሁ። ግን ለምንድነው የሚስቀው? የኛ ጎሽ ስቆ አያውቅም። ሥራ አለበት።"

አቶ ግርማ ሳቁ አመለጠው።

"ይኼን ለመማር ብዙ ተራመድክ?" አሉኝ።

"በዝናብ! ኪልበርንን ከዳር ዳር!" አልኩ፤ ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ።

"ከቤትህ እዚህ በባቡር ሩቅ ነው?"

"ኧረ ቅርብ ነው፣ ከሰዓት ያንሳል።"

ስልኩን መለሱልኝ። "የልጄ ልጅ ሦስት ዓመት ቤትህ ትገባለች፣ ትወጣለች። እናቷ ማን ናት ብለህ ጠይቀሃት ታውቃለህ?"

ፕሎይ ይኼን ስትተረጉም ድምፅዋ ዝቅ አለ። እኔ፣ ዋጋ ላይ ተሸንፌ የማላውቀው ደምሴ፣ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ብትጠይቀኝማ ኖሮ ስለ ማንጎ እነግርህ ነበር፤ ስለ ወይዘሮ ማሊ ግን በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሠሩ እንኳ አላውቅም። ልብስ ማጠቢያ ቤት እንደሚሠሩም የሰማሁት ባቡር ላይ፣ ከጋሽ ተክሌ ነው። እሳቸውስ ከማን ሰሙ? ናሆምን ጠይቀውታላ!

ምግብ መጣ። ስልኬ በማንኪያና በሹካ እንደሚበሉ ስላስተማረኝ ማንኪያ ስፈልግ፣ እማማ ያይ ከቅርጫት የሚያጣብቅ ሩዝ በእጃቸው ቆንጥረው፣ አድበልብለው፣ በርበሬ ያለው ነገር አጥቅሰው ጎረሱ። የነሱ ሰፈር ሰው በእጁ ነው የሚበላው! ሽማግሌዎቹ እጅ ሲያዩ ዓይናቸው በራ፤ አንዳች ሥልጠና ሳያስፈልጋቸው ዘመቱበት። ባለሙያው ማንኪያዬን ይዤ ቀረሁ።

ሲበላ ሲጠጣ ቆይቶ እማማ ያይ እጃቸውን ጠረጉ።

"ልጄ እሺ ያለችው እንድትቀመጡ ብላ ነው። እኔ እሺ አላልኩም" አሉ። "በኛ አገር ሰው ፊት ተገትሮ የሚያናግር ፖሊስ ብቻ ነው። ደግሞስ ሦስት ወንድ መጥቶ ልጅ ይጠይቃል እንዴ? ሴት የላችሁም? ቤት የምታቆመው ሴት፣ ልጅ የወለደችው ሴት… የልጁ እናት የታለች? ሂዱና እሷ ትምጣ።"

ተነስተን ወጣን። እኔ እግሬ እየተጎተተ ነው። የልጄን ፊት እንዴት አየዋለሁ? ባቡር ውስጥ ስንገባ ጭንቅላቴን በእጄ ይዤ ቁጭ አልኩ። ከፊቴ ግን ምን ብሰማ ጥሩ ነው? ሳቅ! ጋሽ ተክሌና አቶ ግርማ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይስቃሉ።

"አሁን ገና ሰው አገኘን!" አሉ ጋሽ ተክሌ። "መልሰው ሰደዱን እኮ!"

"ሂዱና ተመለሱ! ቤተሰብ ማለት ይኼ ነው!" አለ አቶ ግርማ።

"የእናትየዋ እሺ አስደንግጦኝ ነበር። አያትየዋ ግን… ወይ ጨዋ! ወይ ዘር!"

ከባቡሩ እንደወጣን ናሆም ደወለ። ስልኩን ጋሽ ተክሌ ነጠቁኝ።

"ጋሽ ተክሌ፣ ምን አሉ?"

"እንቢ አሉ!" አሉት በደስታ።

"ዋት?!"

"እንኳን ደስ ያለህ ልጄ!"

ልጁ ምን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም፤ ወንድ ልጅ የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ። ማታውን ለዘነበች ነገሩን ሁሉ ተናዘዝኩላት። አልጮኸችም። "እናቲቱ ትምጣ ነው ያሉት?" አለችና ደጋግማ አስደገመችኝ። የጠማው ሰው ውሃ እንደሚጠጣ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሽማግሌ የለ፣ ባለሙያ የለ፣ ብቻዋን ወደ ክላፋም ሄደች። ቀኑን ሙሉ አልደወለችም። እኔና ናሆም ሳሎን ውስጥ እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ ተቀምጠን ስንተያይ ዋልን። አመሻሽ ላይ በሩ ተከፈተ። ዘነበች ፊቷ በርበሬ የበላ ሰው ፊት ነው፤ ግን ያበራል።

"ክትፎ አላቸው!" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ሙች ስልህ! ጥሬ ሥጋ ከትፈው፣ በርበሬ አድርገው፣ ሩዝ ቆልተው ፈጭተው ይነሰንሱበታል። ያይ ደግሞ እንዴት ያለች ጨዋታ አዋቂ መሰለችህ!" አንቱታውም ቀርቷል።

"እማዬ ፕሊስ!" አለ ናሆም።

"አለቀ እኮ ልጄ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።"

ናሆም ዘሎ አቀፋት። እኔም ምስጋናዬን አድርሼ ስጨርስ እንደ ነጋዴ ነገሩ ከነከነኝ። ያቺ ሴትዮ እንዲሁ በቀላሉ?

"ምንም አልጠየቁም?"

"አንዲት ነገር ጠይቀዋል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። በነሱ ሰፈር ደንብ የሚሄደው ሙሽራው ነው። ከልጅቷ እናት ቤት ገብቶ ይኖራል። ናሆም ክላፋም ይገባል።"

"ምን?! ልጄ? ወንድ ልጄ ሚስቱ ቤት ሊገባ? ስንት ዓመት አሳድጌ…!"

ወደ ልጄ ዞርኩ፤ ወንድነቱ ተነክቶ እንቢ እንዲል። ፊቱ ግን እንደ አደይ አበባ ፈክቷል።

"ዳድ፣ ዞን ቱ እኮ ነው፣ ለመሐል ከተማ ቅርብ! ሬንት የለም!"

ዘነበች ነጠላዋን እያጣጠፈች "አየህ፣ ልጁ ከኛ የተሻለ ባህል ያከብራል" አለች።

ላብድ ደረስኩ። ሄጄ ለማን አቤት ልበል? ስልኬን አንስቼ ለጋሽ ተክሌ ደወልኩ። "ጋሽ ተክሌ፣ ጉድ ሆነናል! ሚስት ልናመጣለት ሄደን ልጃችንን ሰጥተን መጣን! አሁኑኑ ሽማግሌ ሆናችሁ ሄዳችሁ አስመልሱልኝ!"

የተቆረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አሉ። "ወግና ደንቡን እያሰላሰልኩ ነው። ልጁ ከቤትህ ወጥቶ ሰው ቤት የሚገባ ከሆነ እኮ፣ ደምሴ፣ የሙሽሪት አባት አንተ ነህ ማለት ነው።"

"እና ምን ላድርግ?"

"ምን ታደርጋለህ? ሰርጉ ለት ስናስወጣው ታለቅሳለሃ!"